የጽሕፈት ቤታችን ኮምፒዩተር አቅምና የኦፕሬቲንግ ሲስተም ምርጫ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባችን ከመዋጮው ጉዳይ ቀጥሎ የተያዘው ርዕስ የጽሕፈት ቤታችንን ኮምፒዩተር የሚመለከት ነው። «ይሄ የልጆች ነገር ነው» ብሎ የሚተወው ሰው አይጠፋም። ሆኖም የሁላችንም የመዋጮ መዝገብ፣ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የተከፈለው ሒሳብና የአባላት ስም ዝርዝር ያለው እዚያው ውስጥ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የእያንዳንዳችን ነው።

ለመሆኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው? ኮምፒዩተሩን እንደ መሥሪያ ቤት ብናየው፣ ጸሐፊውንም ዘበኛውንም ግምጃ ቤቱንም የሚያዘው ኃላፊ እሱ ነው። እኛ የምንሠራበት ዊንዶውስ 10 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ያወጣው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ መደበኛ የነጻ ጥገናው ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በዚያን ጊዜ ለግል ተጠቃሚዎች በምዝገባ የተፈቀደው ተጨማሪ ጊዜ የአንድ ዓመት ነበር፤ ይህም ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም።

እርግጥ ኮምፒዩተሩ ዛሬም ይሠራል። ችግሩ ሌባ የሚገባበት አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንልን አለመኖሩ ነው። «ኢንተርኔት አንከፍትበትም እኮ» የሚሉ አሉ። ቫይረስ ግን በፍላሽም ይገባል፤ ፍላሻችን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የሚመለስ ነው።

ታዲያ ለምን ዊንዶውስ 11 አንጭንበትም? እዚህ ላይ ነው የዕቃው አቅም የሚገድበን። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት የማስቀመጫ ቦታና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የምስጢር መጠበቂያ ክፍል ይጠይቃል። ኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የወጣው ማለት ነው። የእኛው 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው። ራሙ 4 ጊጋ ባይት፣ ሃርድ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት 500 ጊጋ ባይት ነው። በራሙና በዲስኩ ስፋት ቢያልፍም በፕሮሰሰሩ ይወድቃል። ክልከላውን በዘዴ አልፈው የሚጭኑ ባለሙያዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ነገር ግን እንዲህ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ማይክሮሶፍት ለወደፊቱ ጥገና ዋስትና አይሰጥም። የማኅበር መዝገብ ዋስትና በሌለው ነገር ላይ አይቀመጥም።

ስለዚህ ያሉን መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ለሐዘንና ለችግር ካስቀመጥነው ነው። ሁለተኛው ሊኑክስ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ሲስተም መጫን ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ተባብረው አሳድገውታል። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋ ባይት ራም ይነሳል፤ ለምቾት የሚመከረው 4 ነው። ማለትም ባለን ዕቃ ልክ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ ግን እንግባባ። ራም ሥራ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፤ ዲስኩ ጎተራው ነው። ጠረጴዛው ሲጠብ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ወደ ጎተራው ይመላለሳል፤ ጎተራው ዝግ ያለ ከሆነ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። በመሆኑም የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥና ራሙን ወደ 8 ማሳደግ ከማንኛውም ሲስተም ለውጥ ይበልጥ የሚታይ ልዩነት ያመጣል። ወጪውም አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት በእጅጉ ያነሰ ነው።

ሊኑክስም ቢሆን እንከን የለውም አንልም። ለዊንዶውስ የተሠሩ ፕሮግራሞች እንዳሉ አይሄዱበትም። የኤክሴል መዝገባችን ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው ፕሮግራም ይከፈታል፤ ቀመሮቹ ግን አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የአማርኛ ጽሑፋችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፊደሎች መጻፍ አልቀረም፤ የእኛም የቀድሞ ቃለ ጉባኤዎች በእነዚያ የተጻፉ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ይታያሉ። ስለሆነም አሁኑኑ፣ ዊንዶውሱ እያለ፣ ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ወይም ታትመው መቀመጥ አለባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብን።

የኮሚቴው ሐሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው፦

1ኛ. ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት መዝገቡ በሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ።

2ኛ. ሊኑክስ ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ተነስቶ ይሞከር። ማተሚያው ይታዘዝለት እንደሆነ፣ አማርኛም ይጻፍበት እንደሆነ ገንዘብ ያዣችንና ጸሐፊያችን ራሳቸው ይዩት።

3ኛ. ሙከራው ከተሳካ ኤስ.ኤስ.ዲ.ና ራም ተገዝቶ ሥራው ይጠናቀቅ። ካልተሳካ ያገለገለ ነገር ግን ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ኮምፒዩተር ዋጋ ተጠንቶ ለጉባኤው ይቅረብ።

ሙያው ያላችሁ ወጣቶች ለሙከራው ቀን ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አሁን ጥያቄና አስተያየት እንቀበላለን፤ ከዚያም በድምፅ እንወስናለን።