ዝክረ ራስ አበበ አረጋይ
(በአንኮበር በምረቃ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ በነበረው በዚህ ጥንታዊ አምባ ላይ ቆሞ የሚናገር እንግዳ ስለ ነገሥታቱ ቢያወሳ ወግ ነው፤ ዛሬ ግን ልቤ ያዘነበለው ዘውድ ሳይጭኑ፣ በዘመነ መከራ የሸዋን ሰው እንደ አባት ሰብስበው ወደ ያዙት አርበኛ፣ ወደ ራስ አበበ አረጋይ ነው።

ራስ አበበ በእናታቸው በኩል የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ይሁን እንጂ ከትውልዳቸው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የሠሩት ሥራ ነው። ጦሩ ማይጨው ላይ ተፈትቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ወጥተው፣ አዲስ አበባ በዝርፊያና በቃጠሎ ስትታመስ፣ ያን ጊዜ ባላምባራስ ይባሉ የነበሩት አበበ ከከተማይቱ የፖሊስ አለቆች አንዱ ነበሩ። የሾማቸው መንግሥት በስፍራው የለም፤ ደመወዝ የሚቈርጥ ግምጃ ቤት የለም፤ ትእዛዝ የሚሰጥ የበላይ የለም። እንዲህ ባለ ሰዓት ብዙ ሰው አደራውም ከሹመቱ ጋር ያለፈ ይመስለዋልና፣ ወይ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ወይ ለመጣው ጌታ እጅ ይነሣል፤ እሳቸው ግን ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ኢጣልያ ከተማይቱን ሲይዝ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ አደራውን ይዘው ወደ ሸዋ ገጠር ወጡ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው አምስት ዓመት በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በዚህ በአንኮበር ገደላ ገደል የታለፈ ነው። አምስት ዓመት ጫካ ውስጥ የኖረ ጦር ምን በልቶ ኖረ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ጥይቱን ከጠላት ማረከ፤ በሶውን ግን ከጠላት አልማረከም። ገብሱን የቈላችው፣ የፈጨችው፣ በአቅማዳ ቋጥራ በጨለማ ከቍልቍለቱ ያደረሰችው የዚህ ደጋ ሴት ናት፤ ቤቷ የአርበኛ ቤት መሆኑ በታወቀ ጊዜ የተቃጠለባትም እርሷው ናት። ስለዚህ ራስ አበበን ያለ እነዚያ ቤቶች ማሰብ አይቻልም፤ አባትነታቸውም የታየው የገበሬውን ልብ ለአምስት ዓመት ሳያጡ በመኖራቸው ነው።

ዋጋው ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ ወደ መንዝ መሄድ ይበቃል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዘረት ከሚባለው ስፍራ ባለው ዋሻ የራስ አበበ ወገን የሆኑ ቍስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከአርበኞቹ ጋር ተጠልለው ሳሉ፣ የኢጣልያ ጦር ዋሻውን ከቦ በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው፤ ከሞት ተርፈው እጃቸውን የሰጡትንም ረሸናቸው። አጥንታቸው ከስድሳ ዓመት በኋላም በዋሻው ውስጥ ነበረ። ሰማዕታት ብዬ ብጠራቸው የሚነቅፈኝ አይኖርም።

በ1932 ዓ.ም. ከኢጣልያው ጄኔራል ናሲ ጋር ስለ ተደረገው የዕርቅ ንግግር የሚከራከሩ አሉ፤ አንዳንዱ ለጠላት ሊገቡ አስበው ነበር ሲል፣ ሌላው ጊዜ ለመግዛት ያደረጉት ብልኀት ነው ይላል። ሐሳባቸውን መርምሮ የሚያውቅ ልብንና ኵላሊትን የሚፈትን አምላክ ብቻ ነውና፣ እኔ የምመሰክረው በፍጻሜው ነው፤ አልገቡም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ፣ በአምስቱ ዓመት ጠጕራቸው አድጎ ጎፈሬያቸው ከትከሻቸው የወረደ አርበኞች ንጉሠ ነገሥቱን ተቀበሉ።

ከነጻነት በኋላ የጦር ሚኒስትር፣ የሀገር ግዛት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆነዋል። ያን ዘመናቸውን ሁሉ በውዳሴ ብቻ አላልፈውም፤ በ1936 ዓ.ም. መግቢያ የትግራይ ዐመፅ በጦር ሲደመሰስ የመንግሥቱን ጦር ያዘዙት እሳቸው ነበሩና፣ በዚያ ወገን ስማቸው በሐዘን መነሣቱን መደበቅ አይገባም። የምንወደውን አባት በሙሉ ታሪኩ ልናውቀው ይገባል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ በተሞከረ ጊዜ፣ ጠላት አምስት ዓመት አሳድዶ ያልያዛቸው ሰው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት መኳንንት ጋር በወገን ጥይት ተገደሉ። ያ ቤተ መንግሥት ብዙ ሳይቈይ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ይኸውም ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ነው። ከመካከላችሁ ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያ የምትሄዱ ብትኖሩ፣ በዚያ ደጅ ስትገቡ አስቧቸው።

ተመራቂዎች ሆይ፤ የጦር አለቆቹ ስም ተጽፏል፤ በሶ የተሸከሙት እናቶች ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። በየቤታችሁ ከእናቷ የሰማች አያት፣ ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ አለና፣ ይህ ክረምት ሳይወጣ ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው፤ ማን ማንን እንደ ሸሸገ፣ የማን ቤት እንደ ተቃጠለ፣ የትኛው ቀዬ ስንቅ እንዳቀበለ በስሙና በስፍራው ጻፉ። የጻፋችሁትንም አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላውን ለደብራችሁ ዕቃ ቤት ስጡ። እኔም በሚመጣው ዓመት እግዚአብሔር ቢፈቅድ መጥቼ አነበዋለሁ።

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።