ከአራስ ቤት የሚሰማ ለቅሶ
(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ለቅሷቸው ቅጽሩን እንደሚሞላው ሁላችንም እናውቃለን። እናቲቱ ከዚያ ለቅሶ ጋር ስንት ሌሊት ስትታገል እንደ ሰነበተች ግን እምብዛም ልብ አንልም። የጤነኛ ጨቅላ ለቅሶ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። 6ኛው ሳምንት ደግሞ የወንዱ ልጅ ክርስትና የሚነሣበት ወቅት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ እጅግ በተጨነቀበት ጊዜ አጠገቡ የምንገኘው እኛ ነን።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው ለቅሶው ራሱ አስግቶን አይደለም። የሚያሰጋን ለቅሶውን ለማስቆም የሚደረገው ነው። «ሆዱን ቆርጦት ነው» ይባልና ቅቤ ያስልሱታል፤ ስኳር በጥብጠው፣ አብሽ ወይም ጤና አዳም ዘፍዝፈው ያጠጡታል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን የጨቅላ ሆድ ትንሽ ነውና በእነዚህ ከሞላ ጡት መጥባት ይቀንሳል፤ በሚገባ ያልተጠባ ጡትም ወተቱ ይጎድላል። ከውኃውና ከዕቃው የሚገባው ተሐዋሲ ተቅማጥ ያመጣል። ተቅማጡ ሲመጣ ደግሞ «ግግ ነው»፣ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ቆራጭ ይኬዳል፤ ባልተቀቀለ ምላጭ ደም ይፈስሳል፣ ቁስሉም ይመረዛል። ግግ ማስወጣትም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል። ሕፃኑ በክርስትናው ዕለት ከሚቀበለው ቅዱስ ቁርባንና ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ እንገሩም ሳይፈስስ ይጠባ።

ታዲያ ሲያለቅስ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ጡት ይሰጠው። ጨቅላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊጠባ ይችላል። የጡቱን ጫፍ ብቻ ከያዘ ወተቱ በሚገባ አይደርሰውም፣ አየርም ይውጣል፤ ስለዚህ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጫፉን የከበበውን ጥቁር ክፍል ጭምር ይጉረስ። ከጠባ በኋላ ትከሻ ላይ ቀና አድርጎ ይዞ፣ እስኪያገሳ ጀርባውን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው። ሲያገሳ ጥቂት ወተት ቢመልስ፣ ደኅና እያደገ እስከ ሆነ ድረስ፣ አያስደነግጥም። ገላ ለገላ ማቀፍ፣ እግሮቹን ወደ ሆዱ በዝግታ ማጠፍ፣ እሹሩሩ ማለትም ይረዳል።

አንዳንድ ሌሊት ይህ ሁሉ አይበቃም። ያን ጊዜ እናቲቱ ትረፍ፤ አያት ወይም አባት ይቀበሏት። ሕፃን ማባበል የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚል አባወራ ካለ፣ የነፍስ አባቱ አንድ ቃል ከእኛ ሥልጠና ሁሉ ይበልጣል። በንዴት ሕፃኑን መነቅነቅ ግን አንጎሉን ይጎዳል፤ ሊገድለውም ይችላል።

አልጠባም ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠጠረ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጸሎቱ በመንገድም ይደርሳል። ለእንዲህ ያለ ሌሊት የመኪና ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ከሰንበቴው ወይም ከሰበካው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንደሚሆን፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እንድትወስኑ እንጠይቃለን።