ደም ብዛት ሳያሳምም ይጎዳል
(በክሊኒካችን ተራ ለሚጠብቁ ተገልጋዮች ከተሰጠ የጤና ትምህርት)



«የመጣሁት የእርግዝና መከላከያ ለመውሰድ ነው፤ ታዲያ የደም ግፊቴ ለምን ይለካል?» የምትሉ ብዙዎች ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ዛሬ ስለ ደም ግፊት እንነጋገራለን።

ይህን ሕመም በተለምዶ «ደም ብዛት» እንለዋለን። ስሙ ግን ያሳስታል። የበዛው ደሙ ሳይሆን፣ ደሙ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። ስለዚህ በዋግምት ደም በማስወጣት አይድንም።

ስትለኩ ሁለት ቁጥር ይነገራችኋል። የላይኛው ልብ ደም ስትረጭ፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ ያለውን ግፊት ያሳያል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140፣ ወይም የታችኛው 90፣ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት ሕመም አለ ማለት ነው። ልኬቱ ትክክል እንዲሆን፦

– ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፤ ሲጋራም አታጭሱ።
– ሽንት ቤት ደርሳችሁ ኑ።
– 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ዕረፉ፤ እግራችሁን አታነባብሩ።
– በምትለኩበት ጊዜ አትነጋገሩ።

«እኔ ምንም አያመኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ልቡን፣ ኩላሊቱን፣ ዓይኑንና አንጎሉን ይጎዳል። አንዳንዱ ሕመሙን የሚያውቀው አንድ ጎኑ ሽባ ከሆነ በኋላ ነው።

አሁን ወደ መከላከያው እንምጣ። ብዙዎቹ በየቀኑ የሚዋጡ ክኒኖች ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን አላቸው። ይህ ሆርሞን በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ግፊቷ አስቀድሞ ከፍ ያለ ሴት ስትወስደው ደግሞ በአንጎል የደም ሥር ላይ ለሚደርስ አደጋና ለልብ ድካም የመጋለጥ ዕድሏ ይጨምራል። ስለዚህ ግፊታችሁን አትደብቁን፤ ሳትለኩም ከጎረቤት ክኒን አትዋሱ።

ግፊት አለብሽ ማለት ያለ መከላከያ ትቀሪያለሽ ማለት አይደለም። በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ ኤስትሮጅን የሌለበት ክኒንና ኮንዶም አሉ። የ3 ወሩ መርፌ ግን ግፊቷ 160 በ100 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሴት አይመከርም።

የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ እህቶች፣ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። እንደ ኤናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ በሌላ መለወጥ አለባቸው። እርግዝና ከተከሰተም በዚያው ቀን አሳውቁን። ግፊት ኖሮባት የማታውቅ ነፍሰ ጡርም ብትሆን ከ5ኛው ወር ጀምሮ፣ ወይም በወለደች ሰሞን፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከእምብርት በላይ ሕመም ከተሰማት ነገ ሳትል ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት።

መድኃኒት የተሰጣችሁ ሁሉ በየቀኑ በሰዓቱ ውሰዱ። ግፊቱ ወረደ ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት እንጂ ሕመሙ ለቋል ማለት አይደለም። ማዞር፣ ሳል ወይም የእግር እብጠት ካመጣባችሁ ሳታቋርጡ መጥታችሁ ንገሩን፤ በሌላ ሊለወጥ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው የመድኃኒቱን ቦታ አይተኩም።

በቤታችሁም ጨው ቀንሱ። ለአንድ ሰው ለቀኑ በሙሉ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም፤ በወጡ፣ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣውና በዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። በእግር መሄድን ልማድ አድርጉ፤ ሲጋራ ተዉ፤ መጠጥ ቀንሱ።

ባሎችም አብራችሁ ተለኩ፤ ይህ ሕመም የሴት ብቻ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥራችሁን ጠይቁና በካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።