በጥላ ውስጥ ያለች ወፍ፦ በደብዛዛ ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው፦ ትንንሽ የጫካ ወፎችን ብርሃን በጎደለበት ስፍራ ፎቶግራፍ ማንሣት። አንድ ዝርያ በአንድ ስፍራ መታየቱን ለማስረዳት ቀደም ሲል ወፏ በጠመንጃ ተመትታ በቤተ መዘክር ትቀመጥ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ፎቶግራፍ ይበቃል፤ ይህም ለወፏም ለእኛም መልካም ነው። ነገር ግን ማስረጃ ከሆነ እንደ ማስረጃ ሊመረመር ይገባል።

ሁለት ወፎችን እንውሰድ። ጠይሟ ዝንብ አዳኝ፣ ሙሲካፓ አዱስታ፣ በደጋ ደኖቻችን ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች። ዘመዷ ሙሲካፓ ስትሪያታ ደግሞ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ተራብታ፣ በፍልሰት ወቅት በሀገራችን በኩል የምታልፍ እንግዳ ናት። እንግዳዋ በአናቷና በደረቷ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች አሏት፤ የነዋሪዋ አናት ጭረት የለውም ማለት ይቻላል፤ የደረቷም ጭረት የደበዘዘ ነው። ልዩነቱ እንግዲህ በጥቂት የላባ መስመሮች ላይ ያረፈ ነው።

አሁን ወደ መናገሻ ሱባ ደን እንግባ። በጽዱና በዝግባው ሥር የሚደርሰው ብርሃን ከሜዳው ፀሐይ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላበት ስፍራ አለ። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 5.6 የሌንስ ቀዳዳ፣ የሴኮንድ 1/800 የሚበቃው ካሜራ በዚያ ጥላ 1/8 ሴኮንድ ይጠይቃል። ይህ ጊዜ ወፏ አንገቷን ለማዞር ይበቃታል። ወደ 1/250 ለመድረስ አይኤስኦውን ወደ 3200 ማሳደግ ያስፈልጋል።

ተማሪዎች በዚህ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ ምስሉ በነቁጥ ይሞላል ብለው። ነቁጡ በዋናነት የሚመጣው ግን ከብርሃኑ ማነስ ነው። ፎቶኖች ሴንሰሩ ላይ የሚያርፉት እንደ ዝናብ ጠብታ ያለ ሥርዓት ሲሆን፣ መዋዠቃቸው የብዛታቸው ካሬ ሥር ነው። በአንድ ነጥብ 10000 ፎቶን ቢያርፍ መዋዠቁ 100 ያህል፣ ከመቶ አንድ ነው፤ 100 ብቻ ቢያርፍ ግን 10፣ ማለትም ከመቶ አሥር ይሆናል። አይኤስኦውን ዝቅ አድርጎ ያነሡትን ጨለማ ምስል ኋላ በኮምፒውተር ማፍካት ፎቶን አይጨምርም። በነቁጥ መካከል የላባውን ጭረት ዓይን ይለየዋል፤ በእንቅስቃሴ የተድበሰበሰውን ግን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ እኔ ነቁጡን እመርጣለሁ።

የወፏ ጠባይም ይረዳናል። ዝንብ አዳኝ ከቅርንጫፏ ተነሥታ ነፍሳት ቀልባ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ትመለሳለች። ካሜራውን በመቆሚያ ላይ አድርጎ፣ ሌንሱን በቅርንጫፉ ላይ አነጣጥሮ መጠበቅ ነው። ጸጥ ብላ ስትቀመጥ 1/125 እንኳ ሊበቃ ይችላል፤ በተከታታይ ከተነሡት አሥር ምስሎች አንዱ ይጠራል። (ትዕግሥት ከውድ ሌንስ ይረክሳል፤ ምርምር በጀታችንን ለምታውቁት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።)

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አዲሱ ነቁጥ አጥፊ ሶፍትዌር ነው። በሺህ ከሚቆጠሩ ምስሎች የተማረ ፕሮግራም ነቁጡን ሲያጠራ የደበዘዘውን ጭረት ለስልሶ ሊያጠፋው ይችላል፤ የባሰው ደግሞ ባልነበረበት ስፍራ ላባ የሚመስል ጭረት ሊሥል መቻሉ ነው። የሚያምረው ምስል ያኔ ነዋሪዋን እንግዳ፣ እንግዳዋን ነዋሪ ያደርጋታል፤ በዚያ ላይ የተመሠረተ የፍልሰት ቀን መዝገብም ይሳሳታል። ለግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል ከሆነ ግድ የለኝም። ለመዝገብ ከሆነ ግን ከተስተካከለው ምስል ጋር ካሜራው የሰጠው ጥሬ ፋይል፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው፣ አብሮ ይቅረብ፤ በእኔ ኮርስ ያለ ጥሬ ፋይል የመጣ የዝርያ መለያ ነጥብ አያገኝም።

ፍላሽን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ በጎጆ አጠገብ አይበራም። የተቀዳ ድምፅ እያጫወቱ ወፏን ከእንቁላሏ ማስነሣትም እንዲሁ። ብርሃኑ ፈጽሞ ካልበቃ ካሜራውን አስቀምጡና በማስታወሻ ደብተራችሁ የአናቷን፣ የደረቷን፣ የክንፏን ርዝመት ጻፉ፤ ድምፅዋንም ቅዱ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።