የቆመን ልብ ለማስነሣት፦ ግፊት ወይስ ትንፋሽ?



የቆመን ልብ ለማስነሣት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች የትኛው ይበልጣል ተብሎ በየጊዜው ይጠየቃል። በበኩሌ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ይኸውም በመጀመሪያ የቆመው ልብ ነው ወይስ ትንፋሽ የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው ቀደም ባለው ጊዜ ልቡ የቆመ በሽተኛ ደረቱ ተከፍቶ ልቡ በእጅ ይታሽ ነበር። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ኩወንሆቨን፥ ጁድና ኒከርቦከር የተባሉት የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ደረት ሳይከፈት የደረትን አጥንት በመጫን ደምን ማዘዋወር እንደሚቻል ገለጡ፤ ካቀረቧቸው 20 በሽተኞችም 14ቱ ድነዋል። ጥበቡ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ ሁለት እጅ ላለው ሁሉ የተዳረሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ልቡ ድንገት ቆሞ የወደቀ ዐዋቂ ሰው በደሙ ውስጥ ገና ኦክስጅን አለው። ስለሆነም ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፥ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን፥ ዲፊብሪሌተር ካለም ሳይዘገዩ መጠቀም ይቀድማል።

በአንጻሩ ከአባያ ሐይቅ ወይም ከብላቴ ወንዝ ሰጥሞ የወጣ ሰው፥ እንዲሁም ታፍኖ የተወለደ ሕፃን፥ ያጡት አየር ነው። ለሰጠመው አስቀድሞ ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ከዚያም 30 ግፊት ከ2 ትንፋሽ ጋር ይቀጥላል። ጨቅላው ሰውነቱ ደርቆና ጀርባው ታሽቶ ካልተነፈሰ፥ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ አየር ሊሰጠው ይገባል። ደረቱ የሚጫነው አየሩ በሚገባ ገብቶለት ሳለ የልቡ ምት በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም 3 ግፊት ከ1 ትንፋሽ ጋር ይሰጠዋል።

ደረትን የሚጫኑ መኪናዎችም ተሠርተዋል። ነገር ግን በ2014 እና በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተሙ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ከሠለጠነ እጅ የበለጠ ነፍስ እንዳላዳኑ አሳይተዋል።

ይህ ለወላይታ ምን ማለት ነው? ኦክስጅን ያጣ አንጎል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል፤ ከገጠር ቀበሌ እስከ ሶዶ ያለው መንገድ ግን በጥቂት ደቂቃዎች አያልቅም። ሕይወት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው አምቡላንሱ ሳይነሣ በፊት ነው። ስለዚህ ያለን ገንዘብ ጥቂት ሲሆን፥ ከውድ መኪና በፊት በእያንዳንዱ ማዋለጃ አልጋ አጠገብ ንጹሕ አምቡ ከልኩ ጭምብል ጋር ይቀመጥ። አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎችም ጭምር፥ በየጊዜው እጃቸውን ያለማምዱ። ያልተለማመደ እጅ በጭንቅ ሰዓት ይረሳልና።