የቤት ሥራና የውሃ ዳር ወሰን በሐሮ ወንጪ



የድርቅ ጉዳት የሚጀምረው ዝናም ከማቆሙ አስቀድሞ፣ ውሃ የያዘው መሬት ጥበቃ ካጣበት ጊዜ ነው። ስለሆነም ስለ ድርቅና ስለ ሠፈራ በሚመከርበት ጉባኤ፣ የገጠር ቤት ከውሃ ዳር ምን ያህል ርቆ ይሠራ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው።

በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኘው ሐሮ ወንጪ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ እንሰት ይተክላል፣ ገብስና ድንች ያመርታል፣ ለጎብኚም ፈረስ ያከራያል። በ2014 ዓ.ም. ወንጪ ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ተመርጣለች። በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ለልማት ታጭታለች። እንግዳ በበዛ ቁጥር ግን ወደ ሐይቁ ተጠግቶ ለመሥራት የሚፈልገውም ይበዛል።

የወንጪ ዳገት እንደ ገበታ ዙሪያ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው። ቤት ለመሥራት የተቆረጠ አፈር፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርግ ፍሳሽ፣ ዛፉ ከተመነጠረ ዳገት የሚታጠብ ደለል፣ ሁሉም መውረጃው ሐይቁ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲደርቅ ከምክንያቶቹ መካከል ደለልና ከልክ ያለፈ የውሃ መሳብ ይገኙ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ሕግ አልጠፋም። የውሃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላት ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ክልል ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ለሚመለከተው አካል ሥልጣን ሰጥቷል። የርቀቱን መጠን ግን በሜትር አልቆረጠም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅም በዋናነት የተመለከተው ከተሞችን ነበር። በመካከሉ የገጠር ጎጆ ያለ መለኪያ ቀረ።

መለኪያ ሲወጣ ደግሞ የሰው ኑሮ አብሮ ይመዘን። በ1978 ዓ.ም. ገበሬው በመንደር ሲሰባሰብ ቤቱ በመስመር ተደረደረ፤ ከማሳውና ከጓሮው ግን ራቀ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙው መንደሩን አፍርሶ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ገበሬው ጥቅሙን ያላየበት ወሰን አይጸናም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ርቀቱ የሚለካው በበጋ ከሚታየው ዳር ሳይሆን ውሃው በክረምት ከሚደርስበት ይሁን፤ ዳገቱ በበረታበትም ይስፋ። ሁለተኛ፣ ወሰኑ ለጎጆም ለሎጅም እኩል ይሥራ፤ ገበሬ የተከለከለበት ቦታ ለባለ ገንዘብ ቢፈቀድ ሕጉ በአገሬው ዓይን ይረክሳል። ሦስተኛ፣ አስቀድሞ በክልሉ ውስጥ የነበረ ቤተሰብ መነሣት ካለበት፣ በዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳው ይከፈለው፤ መልሶ መቋቋሙም ይረጋገጥ። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ በስሌቱ ይግባ።

ሐይቁን ለማዳን ተብሎ የተነሣ ቤተሰብ በኋላ የእርዳታ እህል ጠባቂ ከሆነ፣ ችግሩ ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ ተዛወረ እንጂ አልተቃለለም። ችካሉ ከመተከሉ በፊት ገበሬውን ማነጋገር የሁሉም ኃላፊ ግዴታ ነው።