በዓልን በትከሻ ማቆየት፤ ከኖላ ከተማ የምንማረው
(ስግድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስግድ በደረሰበት ሰዓት ስለ ሌላ ሕዝብ በዓል መናገሬ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። የማነሣው የካቶሊክ ክርስቲያኖችን በዓል ነው። እምነቱ የእነርሱ ነው፤ እኛም የራሳችን አለን። ነገር ግን ይህን በዓል ያከብሩ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ እንደ እኛ አገር ለቅቀው ሄደዋል። በሄዱበት አገር በዓላቸውን እንዴት እንዳቆዩት ብንመለከት ለእኛ፣ በተለይም ለልጆቻችን፣ የሚጠቅም ቁም ነገር እናገኛለን።

በኢጣሊያ እያንዳንዱ ከተማ፣ ትንሹም ቢሆን፣ ጠባቂዬ የሚለው ቅዱስ አለው። በዓመት አንድ ጊዜ ቀኑ ሲደርስ የቅዱሱ ምስል ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በየመንገዱ ይዞራል፤ ሙዚቃ ይመታል፤ ለሥራ ርቆ የሄደውም ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። በጎንደር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ታቦት አውጥተው ሲያነግሡ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይገምተዋል።

ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ኖላ ናት። የምትገኘው በደቡብ ኢጣሊያ፣ ከናፖሊ ከተማ በስተ ምሥራቅ ነው። ጠባቂዋ ጳውሊኖስ ይባላል። በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ፈረንሳይ በሚባለው አገር በቦርዶ ከተማ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። የሮማ መንግሥት ሹም ነበረ። ኋላ ሀብቱን ለድሆች አካፍሎ ኖላ ገባ፤ የከተማዋም ጳጳስ ሆነ። የሞተው በ431 እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን ነው።

የኖላ ሰዎች ስለ እርሱ የሚተርኩት እንዲህ ነው። ወራሪዎች መጥተው ብዙ ሰው ማርከው ወደ ሰሜን አፍሪካ ወሰዱ። ልጇ የተወሰደባት አንዲት መበለት ወደ ጳጳሱ ሄዳ የማስለቀቂያ ገንዘብ ለመነችው። እርሱ ግን ያለውን ሁሉ ለሌሎች ምርኮኞች ከፍሎ ጨርሶ ነበር። ስለዚህ በልጁ ፈንታ ራሱን ለባርነት ሰጠ። በአፍሪካ አትክልተኛ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ማንነቱ በታወቀ ጊዜ ከከተማው ምርኮኞች ጋር ነጻ ተለቀቀ። በመርከብ ሲመለስ ሕዝቡ ጂልዮ የሚባል ነጭ አበባ ይዞ ተቀበለው ይላሉ። የታሪክ ሊቃውንት በታሪኩ ላይ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ማረኩ የሚባሉት ቫንዳሎች ወደ አፍሪካ የተሻገሩት በ429፣ ጳውሊኖስ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነውና። የኖላ ሰው ግን ዋናውን ነገር አጥብቆ ይዟል፤ እርሱም ምርኮኛን ማስለቀቅ ነው። ይህ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። ምርኮኛን መዋጀት በሕጋችን ከታላላቆቹ ትእዛዞች አንዱ ነው።

በዓሉ የሚከበረው በጁን 22 ሰሞን ባለው እሑድ ነው። በጥንት ጊዜ የየሙያው ማኅበር ሻማ ያቀርብ ነበር ይባላል። ማኅበሮቹ እርስ በርስ ሲፎካከሩ ስጦታው እያደገ ሄዶ፣ ዛሬ 25 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከእንጨት የተሠራና በወረቀት ቅርጻ ቅርጽ የተሸፈነ ማማ ሆኗል። ስምንት ፎቅ ያህል ማለት ነው። ስሙንም ከአበባው ወስዶ ጂልዮ ይባላል።

ማማዎቹ ስምንት ናቸው፤ የአትክልተኛ፣ የቋሊማ ሻጭ፣ የመሸታ ቤት፣ የዳቦ ጋጋሪ፣ የሥጋ ሻጭ፣ የጫማ ሰፊ፣ የብረት ቀጥቃጭና የልብስ ሰፊ። በመካከላቸውም ጳውሊኖስ የተመለሰበትን መርከብ የምታስታውስ ጀልባ አለች። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። እኛ አባቶቻችን ብረት በመቀጥቀጣቸው፣ እናቶቻችን ሸክላ በመሥራታቸው ሲናቁና ሲሰደቡ የኖርን ሕዝብ ነን። በኖላ ግን ብረት ቀጥቃጭ የራሱ ማማ አለው፤ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ያየዋል።

አንዱ ማማ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። መኪና ወይም መንኰራኩር አይጎትተውም፤ ከ100 በላይ ሰዎች በትከሻቸው ይሸከሙታል። ሙዚቀኞቹም ማማው ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። አንድ አለቃ ከፊት ቆሞ ያዝዛል፤ በእርሱ ቃል ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሣሉ፣ በአንድ ጊዜም ያወርዳሉ። አንዱ ቢቸኩል ወይም ቢዘገይ ሸክሙ በባልንጀራው ላይ ይወድቃል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማማው ከቤቶቹ ግድግዳ ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው። ጉዞውም ከእሑድ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። በ2013 ዩኔስኮ የኖላን በዓል ከሌሎች ሦስት የኢጣሊያ ከተሞች በዓላት ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አሁን ወደ ስደተኞቹ ልምጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከደቡብ ኢጣሊያ እጅግ ብዙ ሕዝብ በድህነት ምክንያት ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የኖላ ሰዎችም በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ዊሊያምስበርግ በሚባለው ሰፈር ሰፈሩ። በ1903 በዚያ ሰፈር ጂልዮ አቆሙ።

እንደ አገራቸው ሁሉንም ማድረግ አልቻሉም። ስምንቱን ማማ ትተው አንድ ማማና አንድ ጀልባ ያዙ። ከጊዜ በኋላም በዓሉን ወደ ጁላይ አምጥተው፣ ከሐይፋ በላይ በምናየው በካርሜል ተራራ ስም ከምትጠራው የማርያም በዓል ጋር አንድ ላይ ማክበር ጀመሩ። በሰፈሩ መካከል ሰፊ አውራ ጎዳና ሲቀደድም ቤተ ክርስቲያናቸው ፈርሶ ሌላ ተሠራ። ብዙ ልጆቻቸው ኑሮ ሲሻሻልላቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ።

ነገር ግን ሦስት ነገር አልለቀቁም፤ ታሪኩን፣ ሙዚቃውን፣ በትከሻ መሸከሙን። በየዓመቱ ርቀው የሚኖሩት ተመልሰው ትከሻቸውን ከሸክሙ በታች ያስገባሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለልጆች አነስ ያለ ጂልዮ ሠርተውላቸዋል። ልጆቹ እንደ ትልልቆቹ በትእዛዝ ያነሡታል። ብዙዎቹ የቅድመ አያቶቻቸውን ቋንቋ አይናገሩም። በዓሉን ግን በትከሻቸው ያውቁታል።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው። ልጅ የሚይዘው ሥራ የተሰጠው በዓል የእርሱ ይሆናል። ቆሞ የሚያየው በዓል ግን የወላጆቹ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ደክሞበታል። ሆኖም ሕግ ብቻውን በዓልን በልጅ ልብ ውስጥ አያኖረውም። በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃነጺቭ ቄሶቻችን በግዕዝ ሲጸልዩ፣ ወጣቶቻችን ራቅ ብለው ቆመው እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ታያላችሁ። አትፍረዱባቸው። ቃሉ አልገባቸውም፤ የሚይዙትም ነገር አልተሰጣቸውም። በኢትዮጵያ ወደ ተራራው ሲወጣ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ነበረ። ሸክሙ ራሱ ትሕትናን ያስተምር ነበር።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የምለምነው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ከበዓሉ በፊት ባለው ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ለምን እንደምንጾም፣ ኢየሩሳሌምን በሩቅ ሳለን እንዴት እንናፍቃት እንደነበር በአማርኛም በትግርኛም ቢሆን ንገሯቸው። ሁለተኛ፣ ለትንሹም ልጅ አንድ ሥራ ስጡት፤ ለጾም መፍቻ የሚሆነውን ዳቦ ይያዝ፣ ለአያቱ ውኃና ወንበር ያቅርብ፣ ሽማግሌዎችን እጃቸውን ይዞ ያስወጣ። ሦስተኛ፣ ዕብራይስጥ ማንበብ የቻለው ልጅ በስግድ ከሚነበበው ከነህምያ መጽሐፍ 9ኛውን ምዕራፍ በቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ፤ እናንተም በአማርኛ ፍቱለት። ከምርኮ የተመለሰ ሕዝብ ስለሚጾምበትና ስለሚናዘዝበት ቀን የሚናገር ነው። ልጁ ፊደሉን ያውቃል፣ እናንተ ትርጉሙን ኖራችሁበታል፤ አንዱ ለሌላው ያስፈልጋል።

አዲስ አገር ላይ ኡልፓን አለ፣ ሥራ ፍለጋ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ ሸክሙ ብዙ እንደሆነ እናውቃለን። አባቶቻችን ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በዓላችንንም ሽማግሌዎች ብቻቸውን እንዲሸከሙት አንተዋቸው።

መልካም ስግድ ያድርግልን። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ።